የጀልባና የወደብ ምልክቶች አሠራር፦ ሰው ከሚቆምበት ቦታ እስከ ብሎኑ

ወደብ ላይ ምልክት የሚፈልገው ሰው ብዙ ጊዜ በአንድ እጁ ሻንጣ፣ በሌላው ልጅ ይዟል። የቆመበት ወለል ይወዛወዛል፣ ከውሃው ላይ የሚያንጸባርቀው ፀሐይ ዓይኑን ይወጋዋል፣ ከኋላው ያለው ሰልፍ ይገፋዋል። የአገሩን ቋንቋ ማንበብ ላይችልም ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ሰሌዳ ፊት ቆሞ አይመራመርም፤ በሁለት ሦስት ሴኮንድ ያየውን አይቶ ያልፋል። ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው ከኮምፒውተሩ ሳይሆን ይህ ሰው ከሚቆምበት ቦታ ነው። አምሮ የተሳለ ምልክት ቦታውን ከሳተ ከንቱ ነው። መካከለኛ ሥዕል ግን በትክክለኛው ቦታና መጠን ከተሰቀለ ሥራውን ይሠራል።

አስቀድሞ በእግር መዞር

ሜትር፣ ጠመኔ፣ ማስታወሻ ደብተርና ካሜራ ይዘው ከትኬት መስኮቱ እስከ ጀልባው መቀመጫ ድረስ ይሂዱ፤ ከዚያ እንደሚወርድ ተሳፋሪ ሆነው ይመለሱ። ሰው «አሁን ወዴት?» ብሎ በሚያመነታበት እያንዳንዱ ቦታ ላይ በጠመኔ ምልክት ያድርጉ። ለእያንዳንዱ ነጥብ አራት ነገር ይመዝገብ፦ ሰውየው ምን መወሰን አለበት? ምልክቱን ከስንት ሜትር ላይ ማየት አለበት? በመካከል ምን ይጋርደዋል? ብርሃኑ ከየት ይመጣል? ይህንኑ ዙር ቀትር ላይ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ማታ፣ እንዲሁም ጀልባው ጢም ብሎ ሲሞላ መድገም ግድ ነው። ባዶ ወደብ ላይ ጎልቶ የሚታይ ሰሌዳ ሁለት መቶ ሰው ሲቆም ከትከሻ በታች ይሰወራል።

መንገድ የሚያሳየው ምልክት ውሳኔው ካለበት ቦታ ቀድሞ መምጣት አለበት። ተሳፋሪው የተሳሳተው መሸጋገሪያ ላይ ከወጣ በኋላ ቢነግሩት፣ ከኋላው ሰው ስለሚገፋ መመለስ አይችልም። የታችኛው ጠርዝ ከወለሉ ቢያንስ 2.2 ሜትር ከፍ ይበል፤ ከሰው ጭንቅላት በላይ ይታያል፣ ሻንጣም አይመታውም።

ውሃው ከፍና ዝቅ የሚልበት ወደብ ሌላ ችግር አለው። ውሃው ሲጎድል ጀልባዋ ከግንቡ ብዙ ሜትር ዝቅ ትላለች፤ ለቀዛፊው ተብሎ ግንቡ አናት ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ አንገት አቅንቶ ካልሆነ አይታይም። ውሃው ሲሞላ ደግሞ ዝቅ ብሎ የተለጠፈው ይሰጥማል፣ አልጌም ይይዘዋል። ስለዚህ የድንገተኛ መውጫ መሰላል ያለበትን ቦታ የሚያሳየው ምልክት ሁለት ጊዜ ይሠራል፦ አንዱ ከግንቡ ላይ ለቆመ ሰው፣ ሌላው ውሃ ውስጥ ሆኖ ቀና ለሚል ሰው። ሁለተኛውን ብዙዎች ይረሱታል። መሰላሉን በእጅጉ የሚፈልገው ግን ውሃው ውስጥ ያለው ነው።

በመርከብ ውስጥ የማምለጫ መንገድ ምልክት በተቃራኒው ዝቅ ይላል፤ ጭስ ወደ ላይ ስለሚወጣ የሚታየው ከወለሉ አጠገብ ያለው ብቻ ነው። በባሕር ላይ የሰው ሕይወት ደኅንነትን የሚደነግገው ዓለም አቀፍ ስምምነት ከ36 በላይ መንገደኞችን በሚጭኑ መርከቦች የማምለጫው መስመር ከወለሉ ከ30 ሳንቲ ሜትር ባልበለጠ ከፍታ በብርሃን ወይም በጨለማ በሚያበራ ጥብጣብ እንዲታይ ያዛል።

ዳግመኛ የማይሳሉት

አዲስ ሠሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሁሉንም ከራሱ መሳል ይፈልጋል። የደኅንነት ምልክቶች ተስለው አልቀዋል። የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት (አይኤስኦ) 7010 የተባለው መስፈርት እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ያሰባስባቸዋል። የዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት ደግሞ በ2017 ባጸደቀው ኤ.1116(30) በተሰኘ ውሳኔ፣ የመርከብ ማምለጫ መንገድና የነፍስ አድን ዕቃዎች ምልክቶችን ከዚሁ መስፈርት ጋር አዋህዷል። ሰው በአንድ መርከብ ላይ የተማረውን በሌላው ላይ ማግኘት አለበት፤ «የኛ ያምራል» የሚል ምክንያት አይበቃም።

የምልክት ቤተሰቦቹ ሕግ ቀላል ነው። ክልከላ፦ ነጭ መደብ፣ ቀይ ክብ፣ ከላይ ግራ ወደ ታች ቀኝ በ45 ዲግሪ የሚወርድ ቀይ ሰረዝ፤ ቀዩ ከጠቅላላው ስፋት ቢያንስ 35 ከመቶ ይይዛል። ማስጠንቀቂያ፦ ጥቁር ጠርዝ ያለው ቢጫ ሦስት ማዕዘን። ግዴታ፦ ሰማያዊ ክብ። የመዳኛ መንገድና ዕቃ፦ አረንጓዴ አራት ማዕዘን። በእነዚህ በሦስቱ የመደቡ ቀለም ቢያንስ 50 ከመቶ ይሸፍናል። የእሳት ማጥፊያ ዕቃ ቀይ አራት ማዕዘን ነው።

ቤተሰቡን ማምታታት ምን እንደሚያስከትል የነፍስ አድን ጃኬትን ምልክት አቅርቦ ማየት ይበቃል። ጃኬት የለበሰ ሰው በሰማያዊ ክብ ውስጥ ሲሆን «እዚህ ስትደርስ ልበስ» ማለት ነው። ጃኬቱ በአረንጓዴ አራት ማዕዘን ውስጥ ሲሆን «ጃኬቱ እዚህ ተቀምጧል» ይላል። ሰማያዊው በስሕተት በሳጥኑ ክዳን ላይ ከተለጠፈ መንገደኛው ትእዛዝ አይቶ ያልፋል፤ ሳጥኑን ለመክፈት አያስብም። አረንጓዴው በመሸጋገሪያው በር ላይ ከተለጠፈ ደግሞ ሰው በሩ አጠገብ ጃኬት ሲፈልግ ሰልፉ ይቆማል። በሥዕሉ ላይ ምንም ስሕተት ሳይኖር መልእክቱ ይገለበጣል።

የራስ ፈጠራ የሚፈለገው መስፈርቱ ባልደረሰበት ነው፦ ብስክሌት የሚቀመጥበት ጎን፣ የመኪና መጫኛ ተራ፣ ሞገድ ሲበረታ የሚዘጋ የላይኛው ወለል፣ በጀልባና በግንብ መካከል የሚከፈት ክፍተት።

መጠኑን ማስላት

የተለመደው ስሌት የምልክቱ ቁመት በ100 ሲባዛ የሚታይበትን ርቀት ይሰጣል። ለ30 ሜትር 30 ሳንቲ ሜትር፣ ለ10 ሜትር 10 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ከውስጥ የሚበራ ሰሌዳ ከሆነ በ200 ይባዛል። ይህ ግን ከፊት ለፊት ለሚያይ ነው። በ60 ዲግሪ አግድሞሽ የሚያይ ሰው የሰሌዳውን ስፋት በግማሽ ነው የሚያየው፤ መጠኑን እጥፍ ማድረግ ወይም ሰሌዳውን ወደ ሰዉ ማዞር ያስፈልጋል። ማዞሩ ይረክሳል።

ለጀልባ ነጂ የሚሰቀለው ሌላ ስሌት አለው። በ6 ኖት (የባሕር ፍጥነት መለኪያ) የምትሄድ ጀልባ በሴኮንድ 3.1 ሜትር ገደማ ትጓዛለች። ለማንበብ 3፣ ለመወሰን 5 ሴኮንድ ብንሰጥ 25 ሜትር ያልቃል። ለመቆም 60 ሜትር የምትፈልግ ብትሆን ምልክቱ ከ85 ሜትር መነበብ አለበት፤ ስለዚህ ቁመቱ 85 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ለእግረኛ የተሠራ የ30 ሳንቲ ሜትር «መልሕቅ መጣል ክልክል ነው» ግንቡ ላይ መለጠፍ ነጂው መልሕቁን ከጣለ በኋላ እንዲያነበው ማድረግ ነው።

አሳሳል

ጤነኛ ዓይን መለየት የሚችለው ትንሹ ነገር በ10 ሜትር ርቀት 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ይህን ወደ ሥዕል ሰሌዳው ያምጡት። የ30 ሳንቲ ሜትር ምልክት በ30 ሜትር ሲታይ የቁመቱ 1/40 የሆነ መስመር 7.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጤነኛ ዓይን ግን በዚያ ርቀት 9 ሚሊ ሜትር ይፈልጋል። መስመሩ ይጠፋል ማለት ነው። ትርጉም የሚሸከም ነገር ሁሉ፣ የሞገድ መስመር ቢሆን፣ የገመድ ውፍረት ቢሆን፣ በመስመሮች መካከል ያለው ባዶ ቦታ ቢሆን፣ ከቁመቱ 1/20 ባያንስ ይመረጣል። መነጽሩ ላይ ጨው የደረቀበት ሰው እንኳ ያየዋል። 20 በ20 የሆነ የካሬ መረብ ይሥሩና ምንም ነገር ከአንድ ካሬ እንዳይቀጥን ያድርጉ። መረቡ ራሱ ጌጣጌጡን ያራግፈዋል።

የክፍተቱን ምልክት እንደ ምሳሌ እንውሰድ፤ ጀልባዋ ከግንቡ በምትርቅበት ቅጽበት ሰው እግሩን ያስገባል፣ ስትመለስ ይጨፈለቃል። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚስለው ከላይ የሚታይ ጀልባና ግንብ ነው። አይሠራም፤ ማንም ጀልባን ከሰማይ አያይም። ከጎን ይሣል። በግራ ግንቡ፦ ስፋቱ 6 ካሬ የሆነ ሙሉ ጥቁር። በቀኝ የጀልባው ጠርዝ፦ 6 ካሬ ስፋት፣ ከግንቡ 1 ካሬ ዝቅ ያለ፤ ደረጃው እኩል ከሆነ ጀልባ መሆኑ ይጠፋና ሁለት ግንብ ይመስላል። በመካከል 4 ካሬ ክፍተት፣ ከታች 1 ካሬ የወፈረ አንድ የሞገድ መስመር። ሁለት ሞገድ ቢያክሉ ከሩቅ ተዋሕደው ጥቁር ይሆናሉ፣ ክፍተቱም ድልድይ ይመስላል። ሰውየው አንድ እግሩ ግንቡ ላይ፣ ሌላው ወደ ክፍተቱ እየገባ፣ ሰውነቱ ወደ ፊት ያዘነበለ ይሁን። ቀጥ ካለ የሚራመድ ይመስላል፤ «በዚህ ተሻገሩ» ብሎ የሚያነብ አይጠፋም። ፊት፣ ጣት፣ ኮፍያ አያስፈልግም።

የሰረዝ ነገር ደግሞ አለ። ክልከላውን ሲያስገቡ ቀዩ ሰረዝ ዋናውን ነገር እንዳይሸፍን ሥዕሉን ይገልብጡት። «ከጀልባ መዝለል ክልክል ነው» ላይ የዘላዩ ሰውነት ራሱ ከላይ ግራ ወደ ታች ቀኝ ካዘነበለ ሰረዙ በላዩ ላይ ተኝቶ ሰውየውን ያጠፋዋል። ወደ ሌላ አቅጣጫ እንዲዘል ቢደረግ ሰረዙ ይቆርጠዋል፣ ሁለቱም ይታያሉ።

ሥዕሉ ሲያልቅ በወረቀት አትሞ ለማያውቁት ቢያንስ 20 ሰዎች ማሳየት ነው። «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ያሳስታል፤ «ጀልባ፣ ሰው፣ ውሃ» ብለው ይመልሳሉ። የሚጠየቀው «ይህን ብታዩ ምን ታደርጋላችሁ?» ነው። አሜሪካኖች ለደኅንነት ምልክት የሚጠቀሙበት መለኪያ ጥብቅ ነው፦ 85 ከመቶ ትክክለኛ መልስ፣ የተገላቢጦሽ መልስ ደግሞ ከ5 ከመቶ ያልበለጠ። ከሁለቱ የበለጠ የሚያሳስበው ሁለተኛው ነው። ያልገባው ሰው ይጠይቃል፤ ተገላቢጦሽ የገባው ግን ሳያመነታ ወደ አደጋው ይሄዳል። ከ20 ሰው አንዱ እንኳ የክፍተቱን ምልክት «መሻገሪያ» ካለው ሥዕሉ ወደ ጠረጴዛው ይመለስ።

ቀስትና ጽሑፍ

ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት «ወደ ፊት ቀጥል» ማለት እንደሆነ በመላው ሥራ ይጽና። መርከብ ብዙ ወለል ስላለው ያው ቀስት ለደረጃም ከዋለ ሰው ይደናገራል። ለደረጃ ሰያፍ ቀስትና የደረጃው ሥዕል አብረው ይሁኑ። «በመርከቡ አፍንጫ በኩል» ማለትም ለመንገደኛ አይጠቅምም፤ በሁለቱም ጫፍ የሚነዳ ጀልባ ላይ አፍንጫው በየጉዞው ይቀያየራል። ግራና ቀኝ፣ ወይም ቁጥር ይሻላል። ቁጥሩም በትኬቱ፣ በድምፅ ማስታወቂያውና በሰሌዳው ላይ አንድ ይሁን፤ ትኬቱ «መትከያ 4» እያለ ሰሌዳው «ምሥራቅ በር» ካለ ሁለቱም ትክክል ሆነው ሰው ይጠፋል።

ጽሑፍ ከታከለ በፊደላችን ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ቀ እና ቁ፣ ሰ እና ስ የሚለዩት በትንሽ ቅጥያ ነው፤ ከሩቅ መጀመሪያ የሚጠፋው ይህ ቅጥያ ነው። በላቲን ፊደል ለ10 ሜትር 25 ሚሊ ሜትር ቁመት ሲበቃ ለእኛ 40 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይመረጣል። በጣም የደመቀ ፊደልም አይመረጥ፤ የወ፣ የዐና የመ ቀዳዳ ይዘጋል። የቃል ምርጫው ደግሞ የሕይወት ጉዳይ ነው። «አይዝለሉ» ተብሎ በስቲከር ከተጻፈና ነፋስ የመጀመሪያዋን «አ» ከነቀላት የሚቀረው «ይዝለሉ» ነው፤ ክልከላው ትእዛዝ ይሆናል። «መዝለል ክልክል ነው» ከተባለ ግን አንድ ፊደል ቢወድቅ ትርጉሙ አይገለበጥም።

ቀለምና ብርሃን ውሃ ዳር

ወደብ ላይ ቀይና አረንጓዴ ባለቤት አላቸው። ማታ መርከብ በግራ ጎኗ ቀይ፣ በቀኝ ጎኗ አረንጓዴ ታበራለች፤ የወደብ መግቢያም በእነዚሁ ይታወቃል። አንድ ምግብ ቤት ወይም የትኬት ቢሮ አረንጓዴ የሚበራ ሰሌዳ ወደ ውሃው ቢያዞር የሚመጣው ነጂ መግቢያ ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ ወደ ባሕር የሚዞር ሰሌዳ ከውስጥ አይብራ፤ ከላይ በተከለለ መብራት ወደ ታች ይብራ፣ የመብራቱ ዓይን ከውሃው እንዳይታይ። ቀይና አረንጓዴን «ግራ» እና «ቀኝ» ለማለት በመንገደኛ ምልክት ላይ መጠቀምም ጥሩ አይደለም። ወደ ወደብ ሲገባ በግራ የሚቀረው ተንሳፋፊ ምልክት በአውሮፓ፣ በአፍሪካና በአብዛኛው እስያ ቀይ ሲሆን፣ በአሜሪካ አህጉሮች፣ በጃፓን፣ በኮሪያና በፊሊፒንስ አረንጓዴ ነው። ቀይና አረንጓዴ የማይለይ ዓይን ያላቸው ሰዎችም ስላሉ መልእክቱ በቅርጹ መለየት አለበት፤ ቀለሙን አጥፍቶ በጥቁርና ነጭ ማተም ጥሩ ፈተና ነው።

ብርቱካናማ የሶዲየም መብራት ያለበት ግንብ ላይ ቢጫና ነጭ አንድ ይሆናሉ፣ ቀዩ ይጠቁራል። ናሙናውን በቦታው፣ በማታ ማየት ነው መፍትሔው።

በጨለማ የሚያበራ ቁስ ብርሃን ጠጥቶ ነው የሚያበራው። መተላለፊያው ሰው ሲያልፍ ብቻ በሚበራ መብራት የሚሠራ ከሆነ ሌሊቱን ሙሉ ሳይጠጣ ያድራል፤ መብራት በጠፋበት ሰዓት ባዶ ነው። ከፀሐይ እንዲከላከል ተብሎ አልትራቫዮሌት የሚያግድ ፊልም ከላይ ከተለጠፈበትም ምግቡን መከልከል ነው። ለመርከብ የሚውለው ጥብጣብ ስፋቱ ቢያንስ 75 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፤ መብራት ከጠፋ ከ10 ደቂቃ በኋላ በካሬ ሜትር 15፣ ከ60 ደቂቃ በኋላ 2 ሚሊካንዴላ ብሩህነት ይጠየቃል። ሲገዙ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ማስረጃ ላይ ይፈልጉ።

ሰሌዳውና ብሎኑ

ለውጭ 3 ሚሊ ሜትር ወጥ አሉሚኒየም ይመረጣል። በመካከሉ ፕላስቲክ ያለው ድርብ አሉሚኒየም ይረክሳል፣ ነገር ግን ጨው በተቆረጠው ጠርዝ ገብቶ ሽፋኑን ይከፍተዋል። ገጹ የማያንጸባርቅ ይሁን፤ የሚያብረቀርቅ ሰሌዳ ውሃ ዳር መስተዋት ነው። ጥጎቹ ይከበቡ፤ ሹል ጥግ ልብስና ቆዳ ይቀድዳል፣ ስቲከሩም ከዚያ መነሣት ይጀምራል።

አሉሚኒየምን በስቴንለስ ብሎን ማሰር ትክክል ነው፤ ግን ሁለቱ ብረቶች በጨው ውሃ ሲነካኩ አሉሚኒየሙ ይበላል። በቀዳዳው ዙሪያ ነጭ ዱቄት ሲታይ መበላቱ ጀምሯል። የናይለን ሮንዴላ ከላይና ከታች፣ በቀዳዳው ውስጥም የናይለን ቱቦ ይግባ። ብሎኑ 316 የተባለው ስቴንለስ ይሁን፤ 304 ውሃ ዳር ላይ ቡናማ ያለቅሳል፣ እንባውም በምልክቱ ላይ ይወርዳል። ቀዳዳው ከብሎኑ 2 ሚሊ ሜትር ይስፋ፦ አንድ ሜትር አሉሚኒየም በ40 ዲግሪ የሙቀት ልዩነት ወደ 1 ሚሊ ሜትር ይለጠጣል፤ መላወሻ ካጣ ይጎብጣል። ጀልባ ላይ ሞተሩ ስለሚያንቀጠቅጥ ናይለን ያለበት ዳዶ ያስፈልጋል። ነፋሱም አይናቅ፤ አንድ ካሬ ሜትር ሰሌዳ በሴኮንድ 30 ሜትር በሚነፍስ ነፋስ ከ65 ኪሎ በላይ ክብደት በጎን የተንጠለጠለበት ያህል ይገፋል። ሁለት ብሎን አይበቃውም።

ምልክት የማይደርስበት

የማሰሪያ ገመድ ተወጥሮ ሲበጠስ የሚጋረፍበትን ቦታ በወለሉ ላይ በቀለም ማስመር ጥሩ ሐሳብ ይመስላል። የብሪታንያ የባሕረኞች የሥራ ደኅንነት መመሪያ ግን ይህን አይመክርም፤ ገመዱ በየትኛው መስመር እንደሚጋረፍ በርግጥ ስለማይታወቅ፣ ከመስመሩ ውጭ የቆመው ሰው የዳነ ይመስለዋል። መላው የማሰሪያ ወለል አደገኛ ተደርጎ መያዝ አለበት፤ ምልክቱም በመግቢያው ላይ አንድ ሆኖ ይሰቀላል። ሰንሰለት ወይም በር በሚያስፈልግበት ቦታ ሰሌዳ ሰቅሎ መሄድም እንዲሁ ነው።

ሥራው ሲያልቅ እያንዳንዱ ሰሌዳ በጀርባው ቁጥር ይጻፍበትና ቦታው፣ የተሰቀለበት ቀን፣ የቀለሙ ዓይነት በመዝገብ ይያዝ። በየሦስት ወሩ በለስላሳ ጨርቅና ጨው በሌለው ውሃ ይታጠብ፤ የደረቀ ጨው እንደ አሸዋ ስለሚፍቅ አስቀድሞ ውሃ ይፈስበት፣ በደረቁ አይታሽ። ቀይ ከሁሉ ቀድሞ ይደበዝዛል፤ ከአዲሱ ሰሌዳ የተረፈ የቀይ ቁራጭ በመሳቢያ ተቀምጦ በየዓመቱ ከተሰቀለው ጋር ጎን ለጎን ይታይ። ልዩነቱ ከአምስት ሜትር ርቀት የሚያስታውቅ ከሆነ ሰሌዳው ይቀየር።